የመቅደላን ጋሻና ጎራዴ እዚያው መቅደላ አገር እንሥራው

ኢጣሊያኖች ከ500 ዓመት በፊት ይታጠቁት የነበረ አንድ የጩቤ ዓይነት አለ። ምላጩ ከእጀታው ሥር አምስት ጣት ያህል ይሰፋና ወደ ጫፉ እየጠበበ ይሄዳል። ባለጸጎቹ ምላጩ ላይ ሥዕል ያስቀርጹበት፣ እጀታውንም በዝሆን ጥርስ ያሠሩት ነበር። ዋናዎቹ ዛሬ በየሙዚየሙ መስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ቅጂዎቻቸው ግን ገበያ ላይ ናቸው። ገዥዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ሰብሳቢ ነው፤ ሌላው በበዓል ቀን የጥንቱን ልብስ ለብሶ የጥንቱን ውጊያ በትዕይንት የሚያሳየው ነው። ለዚህኛው የሚሠራው ጩቤ ሰው እንዳይጎዳ ስለቱ ሳይሳል ይቀራል፣ ጫፉም ይዶለዱማል። በዝሆን ጥርሱ ፈንታ አጥንት ወይም እንጨት ይገባል። ሐቀኛ ሻጭ ቅጂ መሆኑን ይናገራል፤ ገዥውም አውቆ ይገዛል። የሚያፍርበት ሰው የለም፤ ዋናውም ከመስታወቱ ወጥቶ ለፀሐይና ለዝናብ አይጋለጥም።

በእኛ አገር ነገሩ ሌላ ነው። በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ድል ሲከበር አደባባዩ በጋሻ፣ በጦር፣ በጎራዴና በጎፈር ይሞላል። እዚያ የሚታየው መሣሪያ ግን በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ ዋናው ዕቃ ነው፤ በየዓመቱ ከሣጥን እየወጣ ላብ ይጠጣል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ የብር ጌጡ ይረግፋል። አለዚያም ከላሜራና ከካርቶን ተቆርጦ በቀለም የተቀባ፣ ከጥንቱ ጋር በስም ብቻ የሚገናኝ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል መኖር የነበረበት፣ በልኩ፣ በክብደቱና በአሠራሩ ዋናውን የሚመስል ቅጂ በበቂ የለም። እኔ የምለው ይህንን ክፍተት መሙላት አለብን ነው፤ ሥራውም ከመቅደላ ዕቃዎች መጀመር፣ መሠራትም ያለበት እዚያው በመቅደላ አካባቢ ነው። ይህ የሱቅ ጌጥ የማብዛት ጉዳይ አይደለም። ከመቅደላ አምባ የተወሰደብን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የመሥራት ዕውቀትም ስለሆነ፣ ዕውቀቱን ለማስመለስ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ የለብንም።

ለምን ከመቅደላ? ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በሽጉጥ ከገደሉ በኋላ የእንግሊዙ ጄኔራል የሮበርት ናፒየር ጦር ግምጃ ቤቱንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን በረበረ፤ አምባውንም አቃጠለ። የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተጋዘ፣ እዚያም ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ከጦሩ ጋር አብሮ የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ ከዋነኞቹ ገዥዎች አንዱ ነበር። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ያሉት 350 ያህል የብራና መጻሕፍት፣ በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት፣ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚታየው የወርቅ ዘውድ በየጊዜው ይነሣሉ፤ መነሣታቸውም ተገቢ ነው። ስለ ጋሻው፣ ስለ ጎራዴው፣ ስለ ኮርቻው ግን እምብዛም አይወራም። አምባው ላይ የተከማቸው ደግሞ ተራ ዕቃ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሳይቀር ያስመጡት፣ በዘመኑ እጅግ ጥሩ ከሚባለው የተመረጠ ነበር። ባለሙያ ደግሞ የሚማረው ከጌታው እጅና ከጥሩ ናሙና ነው። ምርጡ ናሙና በጥቂት ወራት ውስጥ ከአገር ወጣ፤ ቆይቶም ጠመንጃ ሲበዛ የቆዳ ጋሻ ሥራ ፈላጊ አጣ። በዚህ መካከል የሙያው ሰንሰለት ላላ። የዛሬው ወጣት ባለሙያ የቅድመ አያቱን ሥራ በቅርብ ማየት ቢፈልግ ቪዛ ያስፈልገዋል።

ለቅጂ እንግዳ ነን የሚል ካለ ዙሪያውን ይመልከት። አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው ሴባስቶፖል የተባለው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ቅጂ ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተቀለጠው፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ዋናው መድፍ እንግሊዞች ሊወስዱት ስላልቻሉ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው። አደባባይ ላይ ያለው ቅጂ ዋናውን አላዋረደውም። አምባው ድረስ መሄድ ላልቻለው ሕዝብ የመድፉን ግዝፈት ያሳየው እሱ ነው፤ ያን የሚያህል ብረት ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ ለስድስት ወር ያህል በሰው ጉልበት መጎተቱን ለማመን የሚረዳው እሱን ማየት ነው። በብሔራዊ ሙዚየምም ጎብኚ ተሰልፎ የሚያያት ድንቅነሽ ቅጂዋ ናት፤ ዋናው አጽም ለጥናት በጥንቃቄ ተቀምጧል። በዚህ ምክንያት ከበር የተመለሰ ጎብኚ የለም። ስለዚህ ቅጂ ክብር ይነካል የሚለው ሐሳብ በራሳችን ልምድ የተሻረ ነው። የጎደለው ለመድፍና ለአጽም የፈቀድነውን ለጋሻና ለጎራዴም መፍቀድ ነው።

እርግጥ ጥሩ ቅጂ መሥራት ቀላል አይደለም፤ ጥቅሙም የሚመነጨው ከዚሁ ከባድነቱ ነው። አንድን ጎራዴ እንመልከት። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ብዙው የጎራዴ ምላጭ እንደ ጀርመኗ ዞሊንገን ካሉ የአውሮፓ ከተሞች የሚመጣ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ስምና የአንበሳ ምስል ይቀረጽበታል፣ እጀታና አፎት ይበጅለታል። ሾተል ግን ሌላ ነው፤ እንደ ማጭድ የጎበጠና በሁለቱም በኩል የተሳለ ሆኖ የጠላትን ጋሻ አልፎ ከኋላ እንዲደርስ የተሠራ ነው። ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ሠሪ የሚያወጣው ነገር ሁለቱንም አይሆንም። የመኳንንቱ እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ ነበር፤ ዛሬ የአውራሪስ ቀንድ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ስለሆነ በበሬ ቀንድ መተካት አለበት፣ መተካቱም ይነገራል። አፎቱ ከቆዳ ይሰፋል፤ ጫፉ ላይ ድቡልቡል ብረት ይደረግለታል። አባቶቻችን ጎራዴን የሚታጠቁት በቀኝ ጎን ነበር፤ ግራ እጅ ጋሻ ይዟላ። ይህን ሳያውቅ በግራው ታጥቆ አደባባይ የሚወጣ ሰው የለበሰው ሁሉ ኢትዮጵያዊ ቢሆንም አታጣጠቁ የሌላ አገር ነው። በልኩ የተሠራ ቅጂ እንዲህ ያለውን ነገር በራሱ ያስተምራል፤ ታጥቆት የሚራመድ ሰው በሥዕል ያላየውን በወገቡ ያውቀዋል።

ጋሻው ደግሞ ከዚህም የበለጠ እጅ ይጠይቃል። የጎሽ ወይም የጉማሬ ቆዳ እርጥብ ሳለ ተወጥሮ መሐሉ እንዲያብጥ ይደረጋል፣ ጌጡ ይወጣበታል፣ ከዚያ እስኪጠነክር ይደርቃል። የተራው ወታደር ጋሻ በዚሁ ሲያበቃ የመኳንንቱ ከፋይ ይለብሳል፣ በላዩም የብርና የወርቅ ቅብ ጌጥ ይደረደርበታል። በዚህ አንድ ዕቃ ላይ ቆዳ አልፊው፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ አንጥረኛውና ሰፊው ሁሉ ይገናኛሉ። ዛሬ ጎሽና ጉማሬ እንደ ልብ መግደል ስለማይቻል ወፍራም የበሬ ቆዳ ተመርጦ ይሞከራል፤ ሙከራው ራሱ ጥናት ነው። እነዚህ ሙያዎች ደግሞ በአገራችን ለዘመናት የተናቁ ናቸው። ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ቆዳ አልፊውን ዝቅተኛ እያልን፣ በሠሩት ማረሻ አርሰን በሠሩት ጎራዴ ተዋግተናል። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ በአዋጅ አልጠፋም። ዐፄ ቴዎድሮስም ጋፋት ላይ ከአውሮፓ የመጡትን ሚስዮናውያን መድፍ ሥሩልኝ ብለው ሲይዙ ዋናው ምኞታቸው ሙያው እዚህ አገር እንዲቀር ነበር። ያኔ የተጀመረው ሳይሰምር ቀረ። ቀጥቃጭና አንጥረኛ በሙዚየም ባለሙያ፣ በታሪክ ተመራማሪና በዩኒቨርሲቲ ታግዞ ስሙ የተቀረጸበት ሥራ ሲያወጣ ግን ንቀቱን ለማስቀረት ከስብከት የተሻለ መንገድ ይሆናል።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከቅርስ ማስመለስ ዘመቻው በኩል ነው። ቅጂውን ሠርተን ከተደሰትን ለንደን ያሉት ሙዚየሞች «እንግዲህ ምን ጎደላችሁ?» አይሉንም ወይ? ስጋቱ መሠረት አለው። በ2010 ዓ.ም. የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ዳይሬክተር ትሪስትራም ሃንት ያቀረቡት ሐሳብ ዕቃዎቹን በረጅም ጊዜ ውሰት መስጠት ነበር፤ የዘረፉትን ለባለቤቱ ማዋስ ማለት ነው። ነገር ግን የቅጂን ነገር ካነሣን ክርክሩ ወደ እነሱ ነው የሚዞረው። የዛሬው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያኔ ሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም ይባል ነበር። የመቅደላ ዘመቻ ሊፈጸም አንድ ዓመት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በ1867፣ የሙዚየሙ ኃላፊ ሄንሪ ኮል የአውሮፓ መሳፍንትን አስተባብሮ ሙዚየሞች የታላላቅ የጥበብ ሥራዎችን ቅጂ እንዲለዋወጡ የሚያበረታታ ስምምነት አስፈረመ። ሙዚየሙ የሰበሰበው የሮማው የትራያን ዓምድና የማይክል አንጀሎ ዳዊት የጂፕስ ቅጂ ዛሬም በሙዚየሙ አዳራሾች ይጎበኛል። ለሮማና ለፍሎረንስ ሥራዎች «ቅጂው ለእኛ ይበቃናል፣ ዋናው በአገሩ ይሁን» ያለ ተቋም ለመቅደላ ዘውድ ይህን የማይልበት ምክንያት ምንድን ነው? ስለዚህ ቅጂው መሠራት ያለበት ዋናውን እንድንረሳ አይደለም። ዋናው ሲመጣ በቦታው የሚተካላቸው፣ በኢትዮጵያዊ እጅ የተሠራ ቅጂ አለን ብለን ለመደራደር ነው። የእንግሊዝ ሕግ ብሔራዊ ሙዚየሞቹ ከስብስባቸው ዕቃ እንዳያወጡ ማሰሩ እውነት ነው፤ ሕጉ የሚለወጠው ግን ምክንያታቸውን አንድ በአንድ ስንነጥቃቸው ነው።

ደግሞም በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በ2011 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ከእንግሊዝ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተመልሷል። በ2014 ዘውድ፣ ጋሻና የቀንድ ዋንጫ የሚገኙባቸው የመቅደላ ዕቃዎች ከግለሰቦች እጅ ወጥተው አዲስ አበባ ገብተዋል። በ2016 ኒውካስል ከተማ ለጨረታ የቀረበ የመቅደላ ጋሻ ከጨረታው ተነሥቶ ወደ አገሩ እንዲመለስ ተደርጓል። እነዚህ የተመለሱ ዕቃዎች ከመስታወት ጀርባ ከመቀመጥ ያለፈ ሥራ አላቸው። ተለክተው፣ ተመዝነው፣ ስፌታቸውና የብር ሥራቸው በዝርዝር ተመዝግቦ ለባለሙያ ቢደርስ ሙያውን ለመቀስቀስ የመጀመሪያው ናሙና ይሆናሉ። ለንደን ያሉት ሙዚየሞችም መብታችንን እስኪያከብሩ ድረስ ልኩን፣ ፎቶግራፉንና የብረቱን ምርመራ ውጤት ሊነፍጉን አይገባም። ይህን መጠየቅ ዕቃውን ከመጠየቅ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ማጭበርበር ነው። ቅጂ ሲበዛ አስመስሎ ሻጩ ይበዛል፤ በቅርሳ ቅርስ ገበያው ላይ አዲስ መስቀል በጭስ ጠቁሮ፣ አዲስ ሥዕል ተቦርሾ «የጥንት ነው» ተብሎ ሲሸጥ ኖሯል። መድኃኒቱ ግን ቅጂን መከልከል አይደለም፤ ስም የሌለውን ቅጂ መከልከል ነው። የሠሪው ስም፣ የተሠራበት ቦታና ዓመተ ምሕረት በማይፋቅ ሁኔታ ብረቱ ላይ ይቀረጽ፤ ቁጥሩም በመዝገብ ይያዝ። ሐቀኛ ቅጂ በብዛት ሲታወቅ «የጥንት» ተብሎ የሚሸጠው ሐሰተኛ ይጋለጣል እንጂ አይደበቅም። ከዕድሜ ውሸት የከፋ ሌላ ውሸትም አለ። የፋሺስት ኢጣሊያ ጥቁር ሸሚዞች ይታጠቁት የነበረው ጩቤ ዛሬ በዓለም ገበያ ለሰብሳቢ ይሸጣል፣ ቅጂውም ይሠራል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተጀመረው ጭፍጨፋ ጥቁር ሸሚዞቹ ባዶ እጁን ባለ ሕዝብ ላይ የመዘዙት እንዲህ ያለውን ጩቤ ነው። ልኩ አንድ ሚሊ ሜትር ሳይዛነፍ ተቀድቶ ይህ ታሪክ ካልተነገረበት ቅጂው ዋሽቷል። የእኛም ቅጂ በዚሁ ሚዛን መመዘን አለበት። የመቅደላ ጎራዴ ቅጂ አብሮት በሚሰጠው ጽሑፍ የንጉሡን ጀግንነት ብቻ ሳይሆን ከናፒየር ጦር ጋር በተደረገው የእሮጌ ውጊያ ዋዜማ እስረኞች ከገደል መወርወራቸውንም መናገር አለበት። ቅጂ የሚከበረው እውነቱን ሁሉ ሲሸከም ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የዛሬው ሁኔታ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የቀጠለው ግጭት ሰው እየፈጀ፣ መንገድ እየዘጋ ባለበት ሰዓት ስለ ጎራዴ መጻፍ ቅንጦት አይደለም ወይ? የጦር መሣሪያን ማሞገስስ አይሆንም ወይ? ሰውን ዛሬ የሚገድለው የመቅደላ ጎራዴ አለመሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ስለቱ ያልተሳለ፣ ጫፉ የዶለዶመ የበዓል ዕቃም የማንንም ጸጥታ አያውክም። ማሞገስ የሚመጣው መሣሪያው ከታሪኩ ተለይቶ ምልክት ብቻ ሲሆን ነው። ቅንጦት ነው ለሚለው ግን ግማሽ እውነት እሰጠዋለሁ። ጎብኚ ወደ አምባው እንደ ልብ በማይደርስበት ጊዜ ለቱሪስት ሽያጭ ብሎ መጀመር ከንቱ ነው። ሥራውን በመለካት፣ በመመዝገብና በማሠልጠን መጀመር ግን ሰላም እስኪሰፍን የሚጠበቅበት አይደለም። እንዲያውም ግጭት ባለበት አካባቢ በየቤቱ ሣጥን ያለ ጋሻና ጎራዴ ከቃጠሎና ከሌብነት በላይ የሚያሰጋው ቸግሮት በርካሽ የሚሸጠው ባለቤቱ ነው። ዛሬ ያልተመዘገበው ነገ ላይኖር ይችላል።

አንድ ወሰን ግን መበጀት አለበት። ታቦት የቅጂ ጉዳይ አይደለም፤ በሙዚየም አዳራሽም ሆነ በገበያ ቦታ የለውም፤ መልሱ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም መመለስ። የጸሎት መጻሕፍት፣ ጽዋና የቤተ ክርስቲያን መስቀልም ቢሆኑ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሳትጠየቅና ሳትፈቅድ የሚነኩ አይደሉም። እኔ የምለው የጦር ዕቃውን፣ የፈረስና የበቅሎ ዕቃውን፣ የመኳንንቱን ልብስና ጌጥ ነው። ይህ ክልል ሰፊ ነው፤ ለብዙ ባለሙያ የሚሆን ሥራ አለው።

ማን ይሥራው ለሚለው መልሱ ሩቅ አይደለም። የአምባውን ስም የያዘው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውልያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት። መምህርም፣ ወርክሾፕም፣ ወጣትም ያለበት ተቋም ነው። በዙሪያው ባሉት በቦረና፣ በሳይንት፣ በተንታና በመቅደላ ገጠሮች ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጠ የሚኖር ባለሙያ አለ፤ ቆዳ የሚያለፋም አለ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የተመለሱትን ዕቃዎች ለልኬት ይክፈት፤ የቅጂ ማኅተም ደንብም ያውጣ። ዩኒቨርሲቲው በየቤቱ ያለውን በባለቤቱ ፈቃድ ይመዝግብ፤ ባለሙያውንም ተማሪ ሳይሆን አስተማሪ አድርጎ ይቅጠር። የመጀመሪያ ገዥዎችም ይታወቃሉ፦ የዓድዋ በዓል አዘጋጆች፣ የቲያትርና የፊልም ሰዎች፣ በየክልሉ ያሉ ሙዚየሞች፣ ትምህርት ቤቶችና በውጭ የሚኖረው ወገናችን። ገንዘቡ ለጤና ጣቢያ ይዋል የሚል ካለም፣ የሚጠየቀው በጀት የሕንፃ ሳይሆን የመለኪያ፣ የከሰልና የብረት መሆኑን ልብ ይበል፤ ሙያውም ሲቆም የራሱን እንጀራ ይጋግራል። ለንደን ያለው ዘውድ በሕግና በድርድር ይመጣል፤ መምጫውን ቀን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ጋሻ የሚሠራ እጅ መካነ ሰላም ላይ የሚገኝበትን ቀን የምንወስነው ግን እኛ ነን፤ ለዚህ መዘግየት ናፒየርን መክሰስ አንችልም።